የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

አባባሉ ግስ የለውም። «ያርሱታል» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

ሰርዶን ገበሬ ያውቀዋል። ላዩን ሲያዩት ተራ ሣር ነው፤ ሥሩ ግን እንደ ገመድ ተጠላልፎ አፈር ለአፈር ይሄዳል። ሲነቅሉት ይበጠሳል፣ የቀረችው ቁራጭ ክረምት ሲገባ መልሳ ታቆጠቁጣለች። ከሌላ አገር የተገዛ በሬ እንዲህ ያለ ማሳ ላይ ሲጠመድ ይለግማል፤ እዚያው ያደገው ግን አፈሩን ስለለመደው ይገፋበታል። ከዚህ ተነሥቶ ትርጉሙ፣ የአገርን ጉዳይ አገሩን የሚያውቅ ይወጣዋል ማለት ሆነ። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የውጭ አማካሪ በመጣ ቁጥር ነው። እኔን የሚያስታውሰኝ ግን ዌቭ ሂልን ነው።

ዌቭ ሂል በሰሜን አውስትራሊያ፣ ከዳርዊን በስተደቡብ ርቆ የሚገኝ የከብት እርባታ ነው። መሬቱ የጉሪንጂ ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ናት ቡካነን የሚባል ሰው ከብቱን ነድቶ ገባበት፤ በ1914 ደግሞ ቬስቲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። ሣሩ የአገሩ፣ በሬው መጤ። ከብቱ የውሃ ጉድጓዱን ረገጠው፣ ሰዎቹ ለቅመው የሚበሉትን አጠፋባቸው። በጦር ከብት የወጋ በጥይት ተመለሰለት። ከዚያ በኋላ ፈረስ ጋልቦ ከብቱን የሚሰበስበው፣ ውሃው የት እንዳለ የሚያውቀው ያው ጉሪንጂው ሆነ፤ ሴቶቹም በጌቶቹ ቤት ያበስላሉ፣ ያጥባሉ። ዋጋቸው በአብዛኛው ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ጨው የበዛበት ሥጋና ትንባሆ ነበር።

በመጋቢት 1966 የሥራ ጉዳይ ፈራጆች ከነጭ ሠራተኞች እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው ብለው ወሰኑ፤ ነገር ግን ውሳኔው እስከ ታኅሣሥ 1968 ይቆይ ተባለ። ነሐሴ 23 ቀን 1966 የጉሪንጂዎቹ መሪ ቪንሰንት ሊንጊያሪ ሁለት መቶ ያህል ሰው አስከትሎ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ብዙዎች የደመወዝ አድማ መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት ዳጉራጉ በሚባል ቦታ ሰፍረው ለጠቅላይ ገዥው ማመልከቻ ሲያስገቡ ግን የጠየቁት መሬት ነበር፤ 1,295 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የራሳቸውን ከብት በራሳቸው መሬት ሊያረቡበት። የአባባላችንን ሁለት ግማሽ መልሶ ማገናኘት ነበር ፍላጎታቸው። አልተፈቀደላቸውም። እነሱም ከዚያ አልተነቃነቁም፤ እንደ ሰርዶው።

ነሐሴ 16 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎፍ ዊትላም ዳጉራጉ ድረስ መጥተው በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈር አፈሰሱ። መሬቱ ለእናንተና ለልጆቻችሁ ለዘላለም ነው አሉ። (ወረቀቱ ግን ሊዝ ነበር፤ ሙሉ ባለቤትነቱ የመጣው በ1986 ነው።) በ1976 የሰሜን ግዛት የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ሕግ ወጣ። ጉሪንጂዎቹም ሙራሙላ ብለው ባቋቋሙት ድርጅት የራሳቸውን ከብት አረቡ።

ያ የአፈር ፎቶ በዓለም የታወቀ ነው። ያነሣው መርቪን ቢሾፕ ራሱ ከነባሮቹ ወገን ነው። ርክክቡ መጀመሪያ የተደረገው ዳስ ጥላ ሥር ስለነበር ብርሃኑ አልበቃውም፤ ወደ ፀሐይ ውጡልኝና ድገሙልኝ አላቸው። ዊትላምም ከመሬቱ እንደገና ዘግነው አፈሰሱ።