በሬ ካራጁ ይውላል፣ አራጁስ?

«በሬ ካራጁ ይውላል» መቼም ሁላችንም ሰምተነዋል፣ ሊጎዳው ካሰበ ሰው ጋር ሳይጠረጥር ሲስቅ ሲጫወት የሚውል የዋህ ሲታይ ነው የሚባለው። አመጣጡም ሩቅ አይደለም፣ ከገበሬ ግቢ ነው። በሬው ሲያርስ ይውላል፣ ጭዱንና አተላውን ከጌታው እጅ ይበላል፣ በስሙ ሲጠሩት ዞር ይላል፣ ሲያረጅ ግን ከቀንበር ይወጣና ደልቦ ለበዓል ይታረዳል፣ ያውም አተላ ሲያቀርብለት በኖረው እጅ።

እኔን የሚገርመኝ ተረቱ ስለ አራጁ ምንም አለማለቱ ነው። አያቴ ቦራ የሚሉት በሬያቸው የታረደ ቀን ጥሬ ሥጋ እንደዛ የሚወዱ ሰውዬ ሽሮ ስጡኝ ብለው ጥግ ይዘው ቁጭ አሉ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ነው ያሉት እንግዲህ፣ ማንም አላመናቸውም።

የላይካ ነገር ሲነሳ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች ውሻ ነበረች፣ ሶቪየቶች እየጠበበ በሚሄድ ሳጥን ውስጥ አለማምደው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ስፑትኒክ 2 የምትባል መንኮራኩር ላይ ጭነው ወደ ጠፈር ላኳት፣ መመለሻ አልተሰራላትም፣ ይሄንን ደግሞ ከሷ በቀር እዛ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመብረሯ በፊት ውሾቹን ለበረራ ካዘጋጁት አንዱ ዶክተር ቭላዲሚር ያዝዶቭስኪ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር አጫወታት፣ የቀራት እድሜ ትንሽ ስለሆነ አንድ ደግ ነገር ላደርግላት ብዬ ነው አለ በኋላ። ቴክኒሻኖቹም በሩን ሊዘጉ ሲሉ አፍንጫዋን ስመው ተሰናበቷት። ለቀናት ኖራለች ሲባል ከርሞ በ2002 ነው በሙቀት ምክንያት በሰአታት ውስጥ መሞቷ የታወቀው። ውሾቹን ካሰለጠኑት አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ ደግሞ 1998 ላይ፣ ከ41 አመት በኋላ ማለት ነው፣ ጊዜው በሄደ ቁጥር ጸጸቱ እየባሰብኝ ነው፣ ያገኘነው እውቀት ለሞቷ የሚበቃ አልነበረም ብሎ ተናገረ።

አይጥና ጥንቸል ላይ የሚሰሩ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ለእንስሳው ቁጥር እንጂ ስም አይሰጡም፣ በእንግሊዝኛም «ገደልነው» ከማለት «ሠዋነው» ማለት ይቀናቸዋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ብዙ የምርምር ተቋማት በየአመቱ ለሞቱት እንስሳት መታሰቢያ ያደርጋሉ።

አያቴም ከቦራ በኋላ ለገዙት በሬ ስም አላወጡም፣ ዝም ብለው «ያ በሬ» ነበር የሚሉት፣ አንድ ክረምት ምናምን ቆይተው ግን እሱንም ዳለቻ ማለት ጀመሩ።