ናይትሮጅን ብላንኬቲንግ ምንድን ነው? (ዩሪያ አይደለም ወገን)

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንዱ «የፋብሪካ ዘይት እኮ ናይትሮጅን ይጨምሩበታል፣ ያው ዩሪያ በሉት» አለ፣ ጠረጴዛው ሙሉ «ውይ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይሄን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ፣ አሁን ግን በቃኝ።

ሲጀመር «ይጨምሩበታል» የሚለው ነው ስህተቱ። ናይትሮጅኑ ያለው ከዘይቱ በላይ፣ ፋብሪካው ዘይቱን በሚያስቀምጥበት ታንክ ውስጥ ባዶ በሚቀረው ቦታ ላይ ነው። እዛ ቦታ አየር ካለ 21 ከመቶው ኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ ዘይት ያከረፋል፣ የኑግ ዘይትማ ቶሎ ነው የሚሸተው። ስለዚህ አየሩን አስወጥተን ቦታውን ናይትሮጅን እናስይዘዋለን፣ ብላንኬቲንግ (እንደ ብርድ ልብስ ማልበስ) የሚባለው ይሄ ነው። ትንሽ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ አዎ፣ ግን ክፍት የተቀመጠ ዘይትም ከአየሩ ናይትሮጅን ያገኛል፣ ማንም ደንግጦ አያውቅም።

ዩሪያ ለሚለው ወንድሜ ደግሞ፦ የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ጋዙ እንዳለ ማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ የፎገራ ገበሬ ሩዙ ላይ ያን ሁሉ አየር ተሸክሞ ዩሪያ ምን ያስገዛዋል? ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች ክፉኛ ተጣብቀዋል፣ እነሱን አላቆ ማዳበሪያ ለማድረግ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከባድ ግፊት ያለው ፋብሪካ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የምንወደው አለመላቀቁን ነው፣ ከዘይቱ ጋር አይነካካም፣ ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል።

እንዲገባችሁ የጠላ ጋን አስቡ። ድፍድፉ ሲፈላ የራሱን ጋዝ ያወጣል፣ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ከላይ ይተኛል፣ እናቶቻችን ደግሞ አፉን ይመርጉታል። ምርጊቱ እስካለ ጠላው ደህና ነው፣ አንዴ ተከፍቶ በጣሳ በጣሳ መቀዳት ከጀመረ ግን በተቀዳው ልክ አየር ይገባል፣ ከዛ መኮምጠጥ ነው። ዘይት እንደ ጠላ አይፈላም፣ የራሱ ጋዝ የለውም፣ ስለዚህ ከውጭ እንሰጠዋለን። ፓምፑ ዘይት በቀዳ ቁጥር ቫልቩ ተከፍቶ በምትኩ ናይትሮጅን ያስገባል፣ ታንኩ ሲሞላ ደግሞ ትርፉ በሌላ ቫልቭ ይወጣል። ጋኑ አንዴ ተመርጎ ይተዋል፣ ታንኩ ግን ቀን ከሌት ይተነፍሳል። «ጥርቅም አርጎ መዝጋት አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ ይሄ ነው ያልገባቸው።

አይበቃም! እንደውም ጥርቅም አርጋችሁ ብትዘጉት ታንኩን ታጡታላችሁ። ባህር ዳር ክረምት ላይ ታውቁታላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያጋልና ከሰዓት ድንገት ዶፍ ይወርዳል። ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ 50 ዲግሪ ደርሶ ነበር እንበል፣ ዝናቡ 20 ካደረሰው 9 ከመቶ ገደማ ይኮማተራል። የኛ አየር ግፊት ወደ 820 ሚሊባር ነው (1,013 የሚለው የውጭ ማኑዋል የባህር ጠረፍ ሂሳብ ነው፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትገልብጡ)፣ ስለዚህ 75 ሚሊባር ያህል ይጎድላል፣ ይሄ ማለት በየሜትር ካሬው ከ7 ኩንታል በላይ ከውጭ ይጫነዋል። ቀጭን ላሜራ ታንክ የሚችለው ጥቂት ሚሊባር ነው፣ እንደ ሃይላንድ ጠርሙስ ጭምድድ ይላል። ስለዚህ የቫልቮቹ ነገር ቀልድ አይደለም፣ ናይትሮጅኑ ራሱ ቢያልቅ እንኳ ታንኩን የሚያስተነፍስ ሌላ ቫልቭ የግድ ነው፣ ታንኩ ከሚጨማደድ ዘይቱ አየር ቢነካው ይሻላል።

ደሞ የከረፋ ዘይት ናይትሮጅን ስለሞላችሁበት አይመለስም፣ የነበረበት ላይ ያቆየዋል እንጂ። ለቤንዚንና ለአልኮል ሲሆን ዓላማው ሌላ ነው፣ እሳት እንዳይነሳ ነው፣ እዛ ኦክስጅኑን ከ8 ከመቶ በታች ማቆየት በብዛት ይበቃል። ጭራሽ የማይፈልጉትም አሉ፣ አክሪሊክ አሲድ (የቀለምና የማጣበቂያ ጥሬ ዕቃ) ውስጥ፣ በራሱ እየተያያዘ እንዳይግል የሚጨመረው መከላከያ ራሱ ኦክስጅን ካላገኘ አይሠራም፣ ናይትሮጅን ብትሞሉበት ታንኩ ውስጥ በራሱ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

«አየር ከሆነማ ምን ይጎዳል?» የሚለው ግን ከዩሪያው ወሬ የባሰ ነው። ናይትሮጅን አይሸትም፣ አያቃጥልም፣ ትንፋሽ አጠረኝ እንኳን አያስብልም፣ ሁለት ሦስቴ ስትስበው ራስህን ትስታለህ። አንድ ቦታ ስሠራ አንድ ልጅ የታንኩን ማንሆል (ሰው የሚገባበትን አፍ) ከፍቶ ዘይቱ የት እንደደረሰ ሊያይ ጎንበስ ሲል ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት። ተቆጣ፣ «ምን ሆንክ፣ ባዶ እኮ ነው!» አለኝ። የኦክስጅን መለኪያውን በገመድ አስረን አወረድንለት። መለኪያው ይጮህ ጀመር፣ ስናወጣው 2 ከመቶ ነው የሚለው፣ ልጁ ቁጥሩን አየና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።