«አገር ስጠኝ»፦ የአንድ የእንቆቅልሽ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» የሚለው ጥሪና ምላሽ፣ በጎጃም ገጠር ማታ ማታ ምድጃ ከብቦ ያደገ ሰው ሁሉ ከጆሮው አይጠፋም። ከዚህ ጨዋታ ቃላት መካከል ግን ከምድጃው ዳር ወጥቶ በገበያውም በመንገዱም ራሱን ችሎ የሚነገረው «አገር ስጠኝ» የሚለው ነው። መልስ ያጣ፣ ተጠይቆ የተደናገረ ሰው ሲገኝ «በል እንግዲህ አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተሸንፈሃልና የሽንፈትህን ዋጋ ክፈል ማለት ነው። ይህ የአባባሉ የላይኛው ትርጉም ነው። በእኔ እምነት ግን ከሥሩ ያለው ነገር ከዚህ ይሰፋል።

መጀመሪያ ጨዋታውን እናስታውስ። ጠያቂው «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ይላል። ተጠያቂው «ጥላ»፣ «ጭስ» እያለ ይሞክርና ሲያቅተው «አላወቅሁም» ብሎ እጁን ይሰጣል። ጠያቂው መልሱን ወዲያው አይናገርም፤ አስቀድሞ አገር ይጠይቃል። ተሸናፊው «ቢቸናን ሰጠሁህ» ቢለው ጠያቂው «አልወደድሁትም፣ ሌላ» ለማለት መብት አለው፤ «ዳሞትን» ሲባል ከወደደ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በእኛ መንደር «ዳሞት ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይጀምርና ጠጁን ሲያስቀዳ፣ ሰንጋውን ሲያስጥል፣ ጭሰኛው እጅ ሲነሣው፣ ተሸናፊው ደግሞ ከደጅ ቆሞ አተላ ሲጠብቅ እያሳየ ይተርካል። አንዳንዱ ልጅ በዚህ ትረካ እንዲህ የተካነ ነበርና፣ የእንቆቅልሹን መልስ ማወቃችንን ረስተን እርሱ አገር እንዲገባ ብለን ዝም እንለው ነበር። በመጨረሻ «ጤዛ» ይላል፤ ነገሩም በዚያ ይዘጋል።

አባባሉ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አገር መስጠት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በቀደመው ሥርዓት ንጉሥ ለባለሟሉ አገር ሰጠው ማለት ሾመው፣ ጉልት ተከለለት፣ ግብሩን ይብላ ብሎ ፈቀደለት ማለት ነበር። አገሩ የሚሰጠው በቃል ነው፤ ተሿሚው ግን ሄዶ መግባት፣ ገብቶም መቀመጥ ይኖርበታል። የጎጃም ታሪክ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ1881 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ጎጃም በእጃቸው ነበረች፤ ካፋ ግን በስም ተሰጠች እንጂ ገና ያልተገባባት አገር ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ከዓባይ ማዶ ባለው አገር የተነሣ በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። በሰጪው ቃልና በገቢው እግር መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። ልጆች በምድጃ ዳር የሚጫወቱት ይህንኑ ርቀት ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ያለ ደም፣ በቃል ብቻ ይታለፋል።

ስለዚህ «አገር ስጠኝ» በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ስምምነት ነው፤ አንዱ አገሩን በቃል ይሰጣል፣ ሌላው በቃል ይገባበታል፣ የተቀመጡት ሁሉ ደግሞ የተባለውን እንደሆነ ይቆጥሩታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጨዋታው ይፈርሳል። «ምን አውቅልህ» የሚለው ምላሽም ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እሺ፣ ገብቼበታለሁ ብሎ መፈረም ነው።

ይህን አስተውዬ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ በእናቴ ቤት ያየሁት ነው። የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ከባሕር ዳር ሲመጣ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ በእርሳስ የተሞሉ ወረቀቶችና ገጻቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዳይሶች ይዞ መጣ። ዳይሱ ከጠረጴዛው እየተንከባለለ ስላስቸገራቸው እናቴ ሰፌድ ሰጠቻቸው። እርሷ እንዝርቷን እያሾረች በስተጀርባቸው ተቀመጠች። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አፋፉ ላይ ደርሳችኋል። ከታች ወንዙ ይጮኻል። ድልድዩ የጠፍር ነው፤ አንደኛው ወገን ተበልቷል። ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። ከጓደኞቹ አንዱ «ገመድ ከወገቤ አስሬ እኔ እቀድማለሁ» ብሎ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ሰፌዱ ላይ ጣለ። ለመሻገር 15 ያስፈልገው ነበር። 11 ወጣ፤ በወረቀቱ ላይ ለቅልጥፍናው የተጻፈለት 3 ሲደመር 14 ሆነ። ልጁ «እግርህ ከዳህ» ሲል ክፍሉ ዝም አለ። የእናቴ እንዝርት ቆመ። «ገመዱስ?» አለች።

«ገመዱ ያዘው፣ እምዬ። ተንጠልጥሏል።»

«ይህን ገደል፣ ይህን ወንዝ ማን ሰጣችሁ?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

«እንግዲህ አገር ስጠኝ ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ያችን አነጋገሯን ሳሰላስላት ትክክለኛነቷ እየጎላ ይታየኛል። ልጆቹ የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚካሄዱት የሚና ጨዋታዎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን ነው። አንዱ አጫዋች ሆኖ አገሩን ይሰጣል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል። ይህ ሐሳብ በምዕራቡ ዓለም የተወለደው ግን በምድጃ ዳር ሳይሆን በጦር መኮንኖች ጠረጴዛ ላይ ነው። በፕሩሲያ አባት ራይስቪትዝ በ1812 የጀመሩትን የጦርነት ጨዋታ ልጃቸው፣ እርሱም መኮንን የነበረው፣ በ1824 በካርታና በዳይስ አደላድሎ አሳተመው። በጨዋታው ከሁለቱ ተፋላሚዎች ሌላ ዳኛ ነበረበት፤ የሆነውንና ያልሆነውን የሚናገረው እርሱ ነው። ቶተን የተባለው አሜሪካዊ መኮንን በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ተጫዋቹ ማናቸውንም ነገር ሊሞክር፣ ዳኛውም ሊፈርድበት እንደሚችል የሚያስችል መንገድ ነበር። ይህን መጽሐፍ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገኘው።

ዌስሊ በ1969 ብራውንስታይን የምትባል የፈጠራ ከተማ አዘጋጅቶ ለጓደኞቹ ጦር ብቻ ሳይሆን ሰው ሰጣቸው፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረገ። ተጫዋቾቹ ውጊያውን ትተው እርስ በርስ ሲማከሩ፣ ሲያሤሩ፣ ለብቻ ለብቻ ሲነጋገሩ ዌስሊ ጨዋታው የተበላሸበት መሰለው። ጓደኞቹ ግን ይደገም አሉት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህች ሰዓት ናት፤ ሰዎቹ አገር እንደተሰጣቸው ሲያውቁ ወዲያው ገቡበት፣ ሰጪው ብቻ ምን እንደሰጠ አልገባውም ነበር። ዌስሊ ለውትድርና ሲሄድ ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ተረክቦ ከ1971 ጀምሮ ብላክሙር የምትባል፣ ግንብ ያላት፣ ከግንቡም በታች ዋሻዎች የተቆፈሩባት አገር ሰጣቸው። ጨዋታው ለአንድ ማታ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ተጫዋቹ ዛሬ ያገኘው ሀብትና ያፈራው ጠላት በሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቀው ጀመር።

አርነሰን በ1972 መገባደጃ በዊስኮንሲን ሌክ ጄኒቫ ለሚኖረው ለጋሪ ጋይጋክስ ይህን አሳየው። ጋይጋክስም የራሱን ግንብና ዋሻ አዘጋጅቶ ግሬይሆክ አለው፤ መጀመሪያ የገቡበትም የገዛ ልጆቹ ነበሩ። በእናቴ ምድጃ ዳር ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ነገር በየትም አገር መጀመሪያ የሚነገረው ለልጆች ነው። ሁለቱ ሰዎች ሕጉን ጽፈው በጥር 1974 ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን አድርገው በ10 ዶላር አወጡት። የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው፤ በ1975 ተነልስ ኤንድ ትሮልስ፣ በ1977 ጠፈርን የሚያስሰው ትራቨለር ወጡ። ሁሉም ያንኑ ስምምነት የተከተሉ ናቸው።

ልዩነቱን መሸፈን ግን አይገባም። በእኛ ጨዋታ አገር የሰጠው ሰው ከሰጠ በኋላ ቃል የለውም፤ ገቢው የፈለገውን ይበላል፣ የፈለገውን ይሾማል፣ የሚከለክለው የለም። በእነርሱ ጨዋታ ሰጪው ከአገሩ አይወጣም፤ በየርምጃው «ምን ታደርጋለህ?» እያለ ይጠይቃል፣ የሚያጠራጥረውንም ለዳይስ ይተዋል። ያ የጠፍሩን ድልድይ ለመሻገር የሞከረ ልጅ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት የማለፍ ዕድሉ ከሃያው ገጽ ዘጠኙ ነበር፤ 12 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣለት ይሻገር ነበር። ሰውየው ራሱ በዕጣ የሚቀረጽበት መንገድም አለ፤ ባለ ስድስት ገጽ ሦስት ዳይሶች ስድስት ጊዜ ተጥለው ጉልበቱ፣ ብልኅነቱ፣ ጥበቡ፣ ጽናቱ፣ ቅልጥፍናውና ግርማው ይለካሉ። ሙሉውን 18 ለማግኘት ያለው ዕድል ከ216 አንድ ብቻ ነው። የእንቆቅልሹ አሸናፊ ዳሞት ሲገባ ምንም አያጣም፤ የእነዚህ ተጫዋቾች ሰው ግን ሊያጣ፣ ሊቆስል፣ ሊሞትም ይችላል። በዚህ ምክንያት የተሰጣቸውን አገር እንደ ሹም ሳይሆን እንደ መንገደኛ ይገቡበታል፤ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ሹመት ጋርም በዚህ በኩል ይበልጥ ይቀራረባሉ።

በማግስቱ ማታ ልጆቹ እንደገና ሲቀመጡ እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ወንበሯን አቀረበች። የእኅቴ ልጅ ሦስቱን ዳይሶች ሰጣት፤ ስድስት ጊዜ በሰፌዱ ላይ ጣለች፣ እርሱም እየደመረ ጻፈላት። ለጥበቧ 16 ወጣ። ከዚያ ወረቀቱን አይቶ ከመጽሐፍ የቀዳውን የአንዲት የባዕድ ከተማ ስም ነገራት።

«አልወደድሁትም፣ ሌላ» አለች።

ልጁ ጥቂት አሰበና ከጠፍሩ ድልድይ ማዶ ያለውን፣ ገና ስም ያላወጣለትን አገር ሰጣት። እርሷም ነጠላዋን አስተካክላ «ማዶ ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ ጀመረች።