የጤና ተቋም የካርቦን አሻራ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት መንዝ ውስጥ አክስቴን ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ አደርኩ። ገና ከመምሸቱ መብራት ጠፋ። ወዲያው ከጓሮ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ለምን መሰላችሁ? ለሁለት አምፖልና ለአንድ ፍሪጅ። ጭሱ በመስኮት ሲገባ አክስቴ "ልታከም መጥቼ ጭስ ጠጥቼ ልመለስ ነው?" አለች።

የካርቦን አሻራ የሚሉት እንግዲህ ይሄው ጭስ ነው፣ ብቻውን ግን አይደለም። የአምቡላንሱ ነዳጅ አለ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚቃጠለው ቆሻሻ አለ፣ መድኃኒቱና ጓንቱ ፋብሪካ ሲመረት፣ ባሕር ሲሻገር፣ ጣርማበርን ሲወጣ ያወጣው ጭስ ሁሉ ይደመራል። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የወጣ ስሌት የጤናው ዘርፍ ከዓለም ልቀት (ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ ማለት ነው) 4.4 በመቶ ገደማ ድርሻ እንዳለው፣ ከዚህም 71 በመቶ ያህሉ ከሚገዛው ዕቃ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ያሳያል።

አብዛኛው የሀብታሞቹ አገሮች ነው። "ታዲያ እኛን ምን አገባን?" ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን የኛ ነገር ለየት ይላል። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያው መብራት ሲኖረው ያን ያህል አያጨስም፣ የሚያጨሰው ሲጠፋበት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። (ናፍጣው ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ቀሪው ከአየር የሚስበው ኦክስጅን ነው።) እኛ ዘንድ ልቀት መቀነስ ማለት ሕክምና መቀነስ አይደለም፣ የማይጠፋ መብራት ማግኘት ነው።

የክትባት ፍሪጁን እንይ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት በሌለበት ገጠር ድሮ የላምባ ፍሪጅ ነበር፤ ክሩን እያስተካከሉ፣ ጥቀርሻውን እየጠረጉ፣ ላምባ ሲያልቅ ደግሞ ክትባቱ አፈር በላ ማለት ነው። አሁን ባትሪ እንኳ የሌለው የሶላር ፍሪጅ አለ። ቀን ፀሐይ ስታገኘው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ውኃ በረዶ ያደርጋል፣ ሌሊት በረዶው ያቀዘቅዛል። ቢደምንም ቢያንስ ሦስት ቀን ይችላል። ፓኔሉ ላይ ጥላ እንዳያርፍ ግን አደራ፤ የኛ አገር ባሕር ዛፍ እንደሆነ ዞር ብላችሁ ሳትጨርሱ ጣሪያ ያልፋል።

ቆሻሻውም ላይ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ ለይቶ መጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማው እንደ ቤት ቆሻሻ ያለ፣ አደገኛ ያልሆነ ነው። ካርቶኑ፣ የሙዝ ልጣጩና ያገለገለው መርፌ አንድ ባልዲ ውስጥ ከገቡ ግን ሁሉም አደገኛ ሆኖ ወደ እሳቱ ይሄዳል። የግሉኮስ ላስቲኩ ለብ ባለ እሳት ሲቃጠል ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ እሱን የሚተነፍሰው ጎረቤት ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች ከዚህም አልፈው የማደንዘዣ ጋዝ ይቆጥራሉ። ዴስፍሉሬን የሚባለው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ያምቃል፤ ስኮትላንድ በ2023 አቁማዋለች። ለኛ ጤና ጣቢያ ሩቅ ወሬ ነው።

ያን ቀን ሊነጋጋ ሲል መብራት መጣ። ጄኔሬተሩ ግን ጥበቃው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ድረስ ማጓራቱን አላቆመም።