ስለ አንጎል «የጭንቀት ፕሮቲኖች» የሚወሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ቢጨምሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ደጃቸው ቢጠፋባቸው፣ ቡና ላይ የሚደረደረው ምክንያት አያልቅም። አሁን ደግሞ «የጭንቀት ፕሮቲን» የሚባል ተጨምሮበታል።

«አሳብ ሲበዛ አንጎል ውስጥ የሚፈጠር ነው።»
አይደለም። እዚህ ጋ የሚጨነቀው ሰውዬው ሳይሆን ሕዋሱ ነው። ሙቀት፣ የኦክስጅን እጥረት፣ መርዝ ወይም የተበላሸ ፕሮቲን ሲበዛበት መከላከያ ያመርታል። ዝነኞቹ ሂት ሾክ (የሙቀት ድንጋጤ) ፕሮቲኖች ይባላሉ።

«ሙቀት ከሆነ የሚቀሰቅሳቸው፣ ለሸዋ ሮቢት ሰው ንገሩት፤ እኛ ብርዳሞቹን ምን አገባን?»
እርግጥ ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነገሩን ያሳወቀው ሙቀት ከበዛባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ተነስቶ ነው። ግን መንዝም ኑሩ ቀወት፣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ያው 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የብርዳሙም የሙቀታሙም ነው።

«በመርሳት በሽታ ታማሚዎች አንጎል ተገኝተዋል፤ በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው።»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በትክክል ሲታጠፍ ነው። የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር አሚሎይድ ቤታና ታው፣ እጅ በሚያንቀጠቅጠው በፓርኪንሰን ደግሞ አልፋ ሲኑክሊን የተባሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ስተው ይጓጉላሉ። ሂት ሾክ 70ን የመሳሰሉት የተጣመመውን ሊያቃኑ፣ እምቢ ካለም ሊያስወግዱ ይሯሯጣሉ። ከጓጎለው አጠገብ የሚገኙት ለዚህ ነው። እሪ ሲባል ውሃ ይዞ የደረሰ ጎረቤት «ቤቱን ያቃጠልከው አንተ ነህ» ይባላል እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ የፓርኪንሰን ዓይነት ጉዳት የነበረባቸው ዝንቦች ሂት ሾክ 70 ሲጨመርላቸው የነርቭ ሕዋሶቻቸው ከሞት ተርፈዋል። ሁሉም ቅዱሳን ናቸው ማለት ግን አይደለም። ሂት ሾክ 90 መወገድ የነበረበትን ታው ደግፎ ሊያቆየው እንደሚችል በላብራቶሪ ታይቷል።

«ፕሮቲን አይደል? ሥጋና ሽሮ ማብዛት ነዋ!»
ብሉ፣ ማን ከለከለ። ግን የበላነው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተሰባብሮ አሚኖ አሲድ ይሆናል። የጭንቀት ፕሮቲኖቹን ሕዋሱ ራሱ ነው የሚሠራቸው።

«መድኃኒቱ ተገኝቷል አሉ።»
አሪሞክሎሞል የተባለው መድኃኒት ይህንኑ የሕዋስ መከላከያ እንዲያጠናክር ታስቦ ነበር። ጡንቻን በሚያዝለው ኤኤልኤስ ላይ ተሞክሮ አልሆነም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የፈቀደችው ኒማን ፒክ ሲ ለተባለ፣ እምብዛም ለማያጋጥም የዘር በሽታ ነው። ለአልዛይመርና ለፓርኪንሰን በዚህ መንገድ የሚሠራ የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

«ጃጅተው ነው፣ ተዋቸው።»
ኧረ አትተዋቸው። ዕድሜ አደጋውን ይጨምራል እንጂ መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም፤ ሁሉም አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ያስረሳሉ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ።