ፎርማቲቭ ምዘና ምንድን ነው? ከ5 የሚያዝ ኩዊዝ ማለት አይደለም

በቅርቡ በአንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ለመምህራን የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ስሰጥ «ፎርማቲቭ ምዘናን እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ትጉህ መምህር እጁን አውጥቶ «እኔ በሳምንት ሁለቴ እሰጣለሁ፤ እያንዳንዱ ከ5 ይያዛል» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ይህን መልስ በየሥልጠናው ስለምሰማውና በየጊዜው ልጆች ስለሚጎዱበት ነው የምጽፈው።

ፎርማቲቭ የፈተና ዓይነት አይደለም። አጭር ፈተና፣ ቀላል ፈተና፣ ከሚድ በፊት የሚመጣ ፈተና ማለትም አይደለም። ምዘና ፎርማቲቭ የሚሆነው ተማሪው ያሳየው ነገር መምህሩ ወይም ተማሪው ቀጥሎ የሚያደርገውን ሲወስን ነው። ሰኞ የተሰበሰበ ወረቀት የማክሰኞን ትምህርት ካስቀየረ ፎርማቲቭ ሆኗል። ያው ወረቀት ማርክ ሊስት ላይ ሰፍሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከታለፈ ግን ሳማቲቭ፣ ማለትም በመጨረሻ ውጤት ለመስጠት ብቻ የሚደረግ ምዘና ነው፣ ስሙን ምንም ብንለው።

ሁለቱን ቃላት በ1967 እ.ኤ.አ. ያመጣው የግምገማ ምሁሩ ማይክል ስክሪቨን ነው፤ እሱ ግን ይናገር የነበረው ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ ነበር። ወደ ተማሪው ያወረደው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ብሉም ነው። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም በ1998 እ.ኤ.አ. በክፍል ውስጥ ምዘና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ዳሰሳ ካወጡ በኋላ ሐሳቡ በየአገሩ ገባ። ዊሊያም ራሱ ኋላ ላይ፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ «ፎርማቲቭ ምዘና» የሚለው ስያሜ ትልቅ ስህተት እንደነበር፣ ለተማሪው ምላሽ የሚሰጥ ማስተማር ቢባል እንደሚሻል ጽፏል። እውነቱን ነው። «ምዘና» ሲባል የመምህር እጅ ወዲያው ወደ ማርክ ሊስቱ ይሄዳል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አመጣ። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ግን ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀረ፤ ከ5፣ ከ10፣ ከ10 እየተባለ የሚደመር። ከዚያ ወደ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የሚሻገር መምህር ያንኑ ልማድ በእንግሊዝኛ ስም ይቀጥላል። ልማዱ የአገራችን መምህራን ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከውጭ የመጡ ባልደረቦቼም ዘንድ አይቼዋለሁ።

ሮበርት ስቴክ የተባለ የግምገማ ምሁር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለው፤ ወጥ ሠሪው ሾርባውን ሲቀምስ ፎርማቲቭ፣ እንግዶቹ ሲቀምሱት ሳማቲቭ። እኔ ዶሮ ወጥ አደርገዋለሁ። ባለሙያዋ ሴት በጭልፋ ጨለፍ አድርጋ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች። በርበሬው ካልበሰለ ታቆየዋለች፣ ጨው ካነሰው ትጨምራለች። አሁን ይህችው ሴት አምስት ጊዜ ቀምሳ፣ አምስቱንም ጊዜ «ጨው፦ ከ5 ሁለት» ብላ ደብተር ላይ ጽፋ ጨው ሳትጨምር ስታቀርብ አስቡ። በሳምንት ሁለቴ የሚያዝ ኩዊዝ ይህ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በርበሬው ገና ጥሬ ሳለ የቀመሰችውን ከመጨረሻው ጋር ደምራ ለአምስት ብታካፍል፣ ወጡ ጥሩ ሆኖ ወጥቶም ውጤቱ ዝቅተኛ ይሆናል። የመጀመሪያ ሳምንት ስህተትን ከመጨረሻ ውጤት ጋር ስንደምር፣ ዘግይቶ የገባውን ልጅ መማር በጀመረበት ቀን ባለማወቁ እንቀጣዋለን። አንድ ቦታ ላይ ምሳሌው አይሠራም፤ ወጥ ራሱን አይቀምስም፣ ተማሪ ግን ሥራውን ራሱ ማየት ይችላል፤ መማርም አለበት።

«ማርክ ካልተያዘ ማን ይሠራል? መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ቲቸር፣ ይያዛል?› ብለው ነው» የሚል አስተያየት ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ግን ልጁን እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማርነው እኛ ነን፤ ያልተያዘ ሥራ ምንም ተከትሎት ስለማያውቅ ዋጋ የለውም ብሎ ደመደመ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎትም ውጤትም ሲያሳዩ፣ ከአስተያየቱ ጋር ማርክ የተሰጣቸው ያን ጥቅም አላገኙም። ማርኩን አይተው አስተያየቱን ይተዉታል። ጥናቱ የተሠራው በእስራኤል በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ለ12ኛ ክፍል እንዳለ አይገለበጥም። በአይቢ ዲፕሎማም (ብዙ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሰጡት ፕሮግራም) ለውጤት በሚላክ ሥራ ረቂቅ ላይ መምህሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አስተያየት መስጠት የሚፈቀድለት፤ እዚያ «ደጋግሜ ላርምለት» ማለት ደንብ መጣስ ነው።

ከራሴ ክፍል አንድ ልንገራችሁ። ሐሙስ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ለ22 ልጆች ቁራጭ ወረቀት አድዬ «ከ0.4 እና ከ0.35 የሚበልጠው የቱ ነው? ለምን?» አልኩ። 13ቱ 0.35 አሉ። አንዱ «35 ከ4 ስለሚበልጥ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤክስ አድርጌ አልፍ ነበር፤ ምክንያቱን ሳየው ግን አነጋገራችን ትዝ አለኝ። በአማርኛ «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት» እንላለን፤ ሠላሳ አምስት ሲባል ከአራት እንደሚበልጥ ማን ይጠራጠራል? ልጆቹ የሚማሩት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ፣ መልስ ሲሳሳት ያልገባው ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው ሁልጊዜ መለየት አለበት።

ዓርብ ያቀድኩትን ትቼ በብር ጀመርኩ። 0.4 ብር 40 ሳንቲም፣ 0.35 ብር 35 ሳንቲም፤ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ 0.125 እና 0.3 ሰጠኋቸው፤ ግማሹ እንደገና ተሳሳተ፣ ሳንቲም ሁለት አሃዝ ላይ ያበቃላ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የቁጥር መስመር አሰመርን። ሰኞ ያ ያሰመረበት ልጅ ወጥቶ 0.125ን ከ0.1 ትንሽ አለፍ አድርጎ አስቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው «ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት» ብሎ አሃዝ በአሃዝ አነበበው። ከወረቀቶቹ አንዱም ማርክ ሊስት ላይ አልሰፈረም።