ሦስት ነጥብ የማይወረውር ረጅም ልጅና ተቀያሪዎቹ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ባስኬት የሚጫወት ሰው ከብርድና ከንፋስ ጋር መላመድ አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ሜዳችን ግድግዳ የሌለው ሲሚንቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከሩቅ የወረወርከው ኳስ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። እዚህ ረጅም ልጅ ሲገኝ ሰው ሁሉ ደስ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ሪንግ ስር ታቆመዋለህ፣ ኳስ ትሰጠዋለህ፣ ንፋስ አይነካውም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች አሰለጥናለሁ። እኛም እንዲህ ያለ ልጅ አለን። ቁመትም፣ ጉልበትም፣ ልብም አለው። ከሪንግ ሁለት እርምጃ ከራቀ ግን ኳሷ እጁ ላይ ድንጋይ ትሆናለች። ከቋሚዎቹ ጋር ሲጫወት ቡድኑ ይበራል። ቋሚዎቹን አሳርፌ እሱን ከተቀያሪዎቹ ጋር ሳስቀረው ግን አንድ ነጥብ ማግኘት የጣርማ በርን ዳገት በእግር እንደ መውጣት ይሆንብናል። ያው ልጅ ነው፣ ያው ሪንግ ነው።

ከልምምድ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን በዚህ ጉዳይ ስንከራከር የማልሰማው ነገር የለም። ግማሹ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ኤንቢኤ (የአሜሪካን የባስኬት ሊግ) ካየ ሰው የሚመጣ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሲከራከር አይጣል ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልመልስ።

«ሪንግ ስር የማይስት ሰው የቡድኑን ማጥቃት እንዴት ይጎዳል?»

ይሄኛው በጣም የተለመደው ነው፣ ለማመንም ቀላል ነው። የኤንቢኤውን ሴንተር (ሪንግ ስር የሚጫወት ረጅም ሰው) ሩዲ ጎቤርን እዩት። በ2021–22 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) የውድድር ዘመን ከሞከራቸው ኳሶች ከ70 በመቶ በላይ አስገብቷል። ታዲያ ኳሱን ሁሉ ለእሱ ብንሰጠውስ?

ችግሩ ጎቤር እነዚያን ኳሶች ራሱ አይፈጥራቸውም። አንድ ጋርድ (ኳስ የሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ተከላካዩን ያልፋል፣ ሪንግ ስር የቆመውን ሰው ወደ ራሱ ይስባል፣ ከዚያ ኳሷን ወደ ላይ ይለቅለታል። ደንክ (ኳሷን ከላይ ሪንጉ ውስጥ መክተት) የሥራው መጨረሻ ነው። እንጀራውን ከምጣድ ያወጣው እሱ ነው፣ ሊጡን ያቦካው ግን ሌላ ሰው ነው። ከቋሚዎቹ ጋር ሲሆን የሚያቦካ አለ። ከተቀያሪዎቹ ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ መቶኛው ሳይወርድ የሙከራው ቁጥር ይወርዳል። በጨዋታው መጨረሻ «ከአምስት አምስቱን አስገባ» ብለን እናጨበጭባለን። ሌሎቹ አራት ልጆች ከሰው ተራራ ጋር ሲታገሉ መዋላቸውን ማንም አይቆጥርም።

ሜዳ ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። የእኛ ልጅ ከሩቅ ስለማይወረውር የሚይዘው ተከላካይ አይከተለውም፣ ሪንግ ስር ቁጭ ይላል። ከቋሚዎቹ ጋር ይሄ ብዙ አያስጨንቅም። ጋርዳችን እየሮጠ መጥቶ ድንገት ቆሞ መወርወር ይችላል፣ ስለዚህ ያ ሪንግ ስር ያለው ሰው መውጣት ይኖርበታል። ከወጣ ኳሷ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ደንክ። ካልወጣ ጋርዱ ይወረውራል። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ከሩቅ ስለሚያስገቡ የእነሱ ተከላካዮች ትተዋቸው መጥተው ማገዝ አይችሉም።

አሁን ተቀያሪዎቹን አስገቡ። ጋርዱ ጎበዝ ሯጭ ነው፣ ግን አይወረውርም። ረጅሙ ልጅ ስክሪን ሲሰራለት (ቆሞ ተከላካዩን ሲያግድለት) ተከላካዩ በታች በኩል ዞሮ ይጠብቀዋል። ጥግ ላይ የቆመው ልጅም ስለማያስፈራ የሱ ተከላካይ ወደ መሃል ይገባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው ሪንግ ስር ተሰበሰበ። የታኅሣሥ ምሽት ላይ የከሰል ምድጃ ዙሪያ ተጠጋግቶ እንደተቀመጠ ቤተሰብ ነው። እጅህን የምታስገባበት ቦታ የለም።

«ጥፋቱ የረጅሙ ልጅ ነው»

አይደለም፤ ቢያንስ የእሱ ብቻ አይደለም። ቁመትም እዚህ ውስጥ የለበትም።

በ2015 የኤንቢኤ የምዕራቡ ክፍል ግማሽ ፍጻሜ ሜምፊስ ጎልደን ስቴትን በጨዋታ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። የሜምፊሶቹ ማርክ ጋሶልና ዛክ ራንዶልፍ ሪንግ ስር ያስቸግሩ ነበር። አራተኛው ጨዋታ ላይ ጎልደን ስቴት ሴንተሩን አንድሪው ቦገትን ቶኒ አለንን እንዲይዝ አደረገው። ቶኒ አለን የሜምፊስ ጋርድ ነው፤ በመከላከል የሚታወቅ፣ ከሩቅ ግን የማያስፈራ። ቦገት «ያዘው» ሲባል እውነቱ ትቶት ሪንግ ስር ቆመ ማለት ነው። የሜምፊስ ማጥቃት እዚያው ታፈነ። ጎልደን ስቴት ሦስቱን ጨዋታ አከታትሎ አሸንፎ 4 ለ 2 አለፈ።

ስለዚህ እኔ አሁን የምቆጥረው ቁመት አይደለም። ሜዳ ላይ ካሉት አምስት ልጆች ስንቱ ከሩቅ አያስፈራም? አንድ ከሆነ ይደበቃል። ሁለት ከሆነ ጎበዝ አሰልጣኝ ያገኝሃል። ሦስት ከሆነ ማንም ያገኝሃል። የተቀያሪ ቡድን ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት የሚሆነው በተፈጥሮው ነው። ልጁ በደንብ የሚወረውር ቢሆን ኖሮ መች ተቀያሪ ይሆን ነበር?

«ሦስት ነጥብ እንዲወረውር ይማር፣ ያልቃል»

ሴንተሩን ብሩክ ሎፔዝን የሚጠሩልኝ አሉ። እውነት ነው፣ የሚገርም ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመኖቹ በጠቅላላ ያስገባው ሦስት ባለ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። በ2016–17 ግን በአንድ ዓመት 134 አስገባ። ግን ሎፔዝ ድሮም የነጻ ውርወራ ጥሩ ነበር፣ ከመካከለኛ ርቀትም ያስገባ ነበር። እጁ ቀድሞ ነበረ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ እንጂ። ሻኪል ኦኒል በዕድሜ ልኩ ያስገባው አንድ ሦስት ነጥብ ነው፣ ነጻ ውርወራውም ከግማሽ ትንሽ ነበር ከፍ የሚለው። ረጅም ልጅ አምጥታችሁ «ይወረውር ይሆን?» ካላችሁኝ መጀመሪያ ነጻ ውርወራ አስወርውሩት እላለሁ። የእኛው ልጅ ሲወረውር ኳስ የሚያመጡት ልጆች ከሪንጉ ኋላ አጥሩ ጋ ነው የሚቆሙት።

ደግሞ በጨዋታ አንድ ሁለት መወርወር ተከላካይ አያስወጣም። ከአራት አንድ የሚያስገባ ሰው ባለ ሦስት ነጥብ ሲወረውር በአንድ ሙከራ በአማካይ የሚያመጣው 0.75 ነጥብ ነው። ተከላካዩ «ወርውር ወንድሜ» ብሎ ይጋብዘዋል። ያንን ሙከራ የወሰደ ልጅ ሪባውንድ (የሳተችውን ኳስ) ለማንሳትም አይደርስም፣ ሩቅ ነዋ የቆመው።

«ታዲያ ለተቀያሪዎቹ ምንም አይጠቅምም»

ወደዚህኛው ጫፍ የሚሮጡም አሉ። በጣም ይጠቅማል፣ አጠገቡ የሚቆመውን ከመረጥክለት።

ተከላካዩ ትቶት ሪንግ ስር ቆሟል ብለናል አይደል? እንግዲያው እሱ ስክሪን ሲሰራ ከኋላው ብቅ የሚል ረዳት የለም ማለት ነው። ከስክሪኑ ዞሮ ወይም ከእጁ ኳስ ተቀብሎ ወዲያው መወርወር የሚችል አንድ ልጅ ካለህ፣ ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ያ «የተተወ» ልጅ ትልቅ በር ሆነ። ለዚህ አምስት ወርዋሪ አያስፈልግም፣ አንድ እየሮጠ የሚያስገባ ይበቃል። ቆሞ ብቻ የሚወረውር ግን አይሆንም፣ ይሄንን ለመለየት እኔ ራሴ ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ሪባውንዱ ደግሞ አለ። ተቀያሪዎች ብዙ ይስታሉ። ብዙ በሚስት ቡድን ውስጥ የሳተውን የሚያነሳ ሰው ወርቅ ነው። በ2025 የኒው ዮርኩ ሚቸል ሮቢንሰን ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ በዚህ ብቻ ጨዋታ ይቀይር ነበር። ቦስተን መላ ሲያጣ ሆን ብሎ ፋውል እየሠራበት ወደ ነጻ ውርወራ ይልከው ጀመር። የምሥራቁ ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ከኢንዲያና ጋር ጭራሽ ቋሚ ሆኖ ገባ። የቻለው ግን አጠገቡ ካርል አንቶኒ ታውንስ ስላለ ነው። ታውንስም ሴንተር ነው፣ ግን ከሩቅ ያስገባል። ሁለት ረጅም ሰው፣ አንዱ ብቻ የማይወረውር። ቆጠራዬ ተመለሰች።

ሚኒሶታም ያው ነው። ጎቤር ቋሚ፣ ናዝ ሪድ ተቀያሪ። በ2024 የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ የተባለው ናዝ ሪድ ረጅም ሆኖ ከሩቅ የሚወረውር ነው። ከጎቤር ጎን ሲቆም ሜዳውን ያሰፋለታል፣ ጎቤር ሲያርፍ ደግሞ ሪንጉ ስር ሰው አይቀርም። ተቀያሪው ሴንተር የዋናው ግልባጭ መሆን አለበት የሚሉ ሰዎች ይሄንን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

«ረጅሙን አስወጥቶ በትንንሾች መጫወት ነው መፍትሔው»

በ2015ቱ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት ቦገትን ከቋሚነት አንስቶ አንድሬ ኢጉዋዳላን አስገባና ሦስት ጨዋታ አከታትሎ ዋንጫ ወሰደ። ሁሉም የሚያስታውሰው ይሄንን ነው። ሂዩስተን በየካቲት 2020 ሴንተሩን ክሊንት ካፔላን ሸጦ በ1.96 ሜትሩ ፒ ጄ ታከር መጫወቱንና በሌከርስ 4 ለ 1 መሸነፉን ግን ማንም አያነሳም። ጎልደን ስቴት ላይ የሠራው ድሬይመንድ ግሪን በ1.98 ሜትር ቁመት ረጃጅሞችን መያዝ ስለቻለ ነው። እኛ ሰፈር ድሬይመንድ የለም። የእኛን ረጅም ልጅ ሳስወጣው ስናጠቃ ቦታ ይሰፋል፣ ግን በሌላኛው ሪንግ ሁሉም እየገባ ከቅርብ ያገባብናል።

«ኤንቢኤ ላይ ያየነው እዚህም ይሠራል»

ይሄ እንቅልፍ ያጡት ሰዎች ስህተት ነው፣ ትልቅ ስህተትም ነው። ኤንቢኤ ላይ ከ2001–02 ጀምሮ ሰው ሳይይዝ ሪንጉ ስር በመስመር በተከለለው ቦታ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ የቆመ ተከላካይ ይቀጣል። በፊባ (የዓለም አቀፉ የባስኬት ፌዴሬሽን) ሕግ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኛ የምንጫወተው በፊባ ሕግ ነው። ስለዚህ የእኛን ልጅ የተወው ተከላካይ ከፈለገ ጋቢ ለብሶ ሪንግ ስር ይዋል፣ ዳኛው አይናገረውም። የማይወረውር ረጅም ልጅ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ይብሳል።

የሚያካክስ ነገርም አለ። የሦስት ነጥቡ መስመር በፊባ 6.75 ሜትር ነው፣ በኤንቢኤ ግን መሃል ላይ 7.24። ተቀያሪ ልጆችህን ወርዋሪ ማድረግ እዚህ ይቀላል። ደግሞ በፊባ ሕግ ኳስ ከተወረወረች በኋላ ሪንጉን አንዴ ከነካች፣ ሪንጉ ላይ እያለችም ቢሆን ተጫዋች ሊነካት ይችላል። ኤንቢኤ ላይ ይሄ አይፈቀድም። ረጅም ልጅ ያለው ሰው ይሄን ሕግ ለልጁ ካላስተማረው ሀብቱን ቀብሮ እየተቀመጠ ነው።

«እሱ ሲገባ ነው የምንሸነፈው»

ይሄን የሚለኝ አንድ የተጫዋች አባት ነው። ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ። ልጁ ሜዳ ላይ ያለበትን ደቂቃ ብቻ አልመዘገብኩም፣ ከማን ጋር እንደነበረም እንጂ። ሁለት ገጽ ሳልሞላ ገባኝ። ከወርዋሪው ጋርዳችን ጋር ሲሆን እንመራለን። ከእሱ ሲለይ የመራንበትን ነጥብ መልሰን እናስረክባለን። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ነበር የማሳርፋቸው፣ «ቋሚዎች ናቸው» ብዬ። ጥፋቱ የእኔ ነበር ለካ። አሁን አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወጣው ብዙ ደቂቃ ቆይቶ ነው።

ባለፈው ለወዳጅነት ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ለብሰን ተሳፍረን እዚያ ስንደርስ በካናቴራ ነበርን። ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ወርዋሪው ጋርዳችን አሞት ቀርቶ ነበርና የፈራሁት አሰላለፍ በግድ ገባ፣ ረጅሙ ልጅና አራት ተቀያሪዎች። አንዱ ተቀያሪ፣ ሰፈራችን ላይ ንፋስ ሲነጥቀው የኖረው ልጅ፣ ሁለት ባለ ሦስት ነጥብ አከታትሎ አስገባ። ሦስተኛውን ሊወረውር ሲል ሪንግ ስር ቁጭ ብሎ የነበረው ተከላካይ ተነስቶ ሮጠበት።

ልጁ ኳሷን ወደ ላይ ለቀቃት። ረጅሙ ልጃችን ብቻውን ነበር። ከደንኩ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ኮች፣ ዛሬ ምን ተፈጠረ?» አለኝ።